ለማታ የሚሆን መነጽር

ሰኞ፣ ግንቦት ፰ ቀን ፲፱፻፶፪

ሳትኩት።

ትናንት ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ጅቡ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ወጥቶ ከግቢያችን ጀርባ ካለው ግራር ሥር ቆመ። ሩቅ አልነበረም፤ ድንጋይ ብወረውር ይደርስበታል። ምንሽሬን አነሳሁ፣ አነጣጠርኩ፣ ጥይቱ አጠገቡ ያለውን አሸዋ አቦነነ። ጅቡ አልሮጠም። ዞር ብሎ አየኝና እያነከሰ፣ እንደ ባለርስት ቀስ ብሎ ወረደ። ከሄደ በኋላ ሁለተኛ ጥይት ባዶው አሸዋ ላይ ተኮስኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንደ እኔ ላለው ነው።

ይህ ጅብ ጎረቤታችንን ኡመርን የነከሰው ነው። ኡመር ጋሪ ነጂ ነው። እንደ ማንኛውም የድሬ ሰው በሙቀቱ ወራት አልጋውን ደጅ አውጥቶ ተኝቶ ሳለ መጥቶ ጉንጩን ያዘው። ሚስቱ ፋጡማ በዘነዘና ደብድባ ነው ያስለቀቀችው። ኡመር ይኸው ሆስፒታል ተኝቷል፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ አልጋውን ሁሉ ወደ ቤት አስገባ። በግንቦት፣ ድሬዳዋ ላይ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በር ዘግቶ ማደር ምን እንደሆነ ያልቀመሰው አያውቀውም።

ለሌላው ጣጣው ላብ ነው። ለባለቤቴ ለዘነበች ግን ትንፋሽ ነው። ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ደረቷን ያፍናታል። ደጅ ስንተኛ፣ ነፋሱ በወንዙ በኩል ሲመጣ፣ ደህና ታድር ነበር። ከገባን ወዲህ ግድግዳ ተደግፋ ነው የምታነጋው። "ጅቡን እስክገድለው ታገሺኝ" አልኳት። ለእሷ ብቻ ብል ደህና ነበር፤ ሰፈሩ እየሰማ ፎከርኩ። በጦርነቱ ጊዜ አነጣጥሮ ተኳሽ ነበርኩ፣ ማን ይጠራጠረኛል። ዛሬ ጧት ወደ ሥራ ስወጣ ማንም ምንም አላለኝም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

የሳትኩበትን ምክንያት ልጻፈው፣ ነገ ሌላ እንዳልፈጥር። አንደኛ፣ ሲመሽ የጠመንጃው ጫፍና ጅቡ አንድ ጥቁር ሆኑብኝ። ሁለተኛ፣ አንገቴ። የምድር ባቡር መጋዘን ውስጥ የቡና ጆንያ ከወደቀብኝ ወዲህ አልታጠፍ ብሏል። ጉንጬን ሰደፉ ላይ ላስተኛ ስል ከትከሻዬ እስከ ጆሮዬ ይወጋኛል። ሦስተኛም ነበረኝ፣ ረሳሁት።

መፍትሔው መነጽር ነው። ጠመንጃ ላይ የሚታሰረው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት ፱

ከሥራ ስወጣ ከዚራ ሰፈር፣ ሙሴ ያኒ ዘንድ ሄድኩ። ሰዓት ሠሪ ግሪክ ነው፤ እሁድ እሁድ ከርከሮ ያድናል። እዚህ አገር ከርከሮ እስላሙም ክርስቲያኑም ስለማይበላው፣ ያለው ሁሉ የእሱ ነው። ሁለት መነጽር አለው። አንዱ የጀርመን ሥራ፣ የፊቱ መስታወት የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያህል። ሌላው ቀጭን፣ ዋሽንት የመሰለ። "ሞክረህ የተስማማህን ያዝ፣ ጅቡ ሲሞት እንነጋገራለን" አለኝ። ደግ ሰው ነው። ማስረዳት ሲጀምር ግን ማቆሚያ የለውም።

ያስረዳኝ ይህን ነው። ለምሽት ሲሆን ብዙ ማጉላት አይጠቅምም፣ እንዲያውም ያጨልማል። ጥቅሙ የፊቱ መስታወት ስፋት ላይ ነው። "ሙሴ ሙላቱ" አለኝ፣ በፈረንጅኛ አቶ ማለቱ ነው፣ "መስታወቱ ብርሃን አይሠራም። ያለውን ይሰበስባል። ከሌለ የለም።" የመጨረሻዋን ሲናገር ደስ ያለው ይመስል ነበር።

ትልቁን አስሮልኝ መጣሁ። ስደርስ ዘነበች ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጠመንጃውን አየችና "ይኼ ደግሞ ምን አዝሏል?" ብላ ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉም ቶሎ አላባራ አለ።

ረቡዕ፣ ግንቦት ፲

መነጽሩ እውነትም መነጽር ነው። ፀሐይ ገብታ፣ የመግሪብ አዛን ተብሎ፣ በባዶ ዓይኔ ግራሩን ከቋጥኙ መለየት ሲያቅተኝ፣ በእሱ ውስጥ አሸዋው ላይ ያለው የፍየል በጠጥ ሳይቀር ይታየኛል። እንዲህ ያለ ነገር በወጣትነቴ ቢኖረኝ የት በደረስኩ።

ችግሩ ጭንቅላት ማሳረፊያ የለውም። የፊቱ መስታወት ሰፊ ስለሆነ ከአፈሙዙ በላይ ከፍ ተደርጎ ነው የታሰረው። እሱ ከፍ ሲል ዓይንም አብሮ ከፍ ማለት አለበት። ጉንጬን ሰደፉ ላይ ካሳረፍኩ የማየው ብረት ነው። ለማየት ራሴን ሳነሳ ደግሞ ጉንጬ አየር ላይ ይቀራል፣ አገጬ ብቻ እንጨቱን ይነካል። አንገቴ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ትንሽ ፈቀቅ ስል ከጎን ጥቁር ይገባና ሁሉ ነገር ይጠፋል።

ጅቡ መጣ። አየሁት፣ አንድ ጆሮው ጎርዳማ ነው። መስቀለኛውን ክር ትከሻው ላይ አደረግሁ። ምላጩን ልስብ ስል አንገቴ ተቆለፈ። ጠመንጃውን አውርጄ አንገቴን ይዤ እያቃሰትኩ ቀና ስል አሸዋው ባዶ ነበር።

"ገደልከው?" አለችኝ ዘነበች ከውስጥ።

"አንገቴ" አልኳት።

አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣኝ አንገቴን በቅቤ አሸችልኝ። ትንሽ ታሽና ታርፋለች፣ ትንሽ ታሽና ታርፋለች። ለእኔ ብላ የምታርፍ መስሎኝ ነበር፤ ደክሟት ኖሯል።

ሐሙስ፣ ግንቦት ፲፩

በምሳ ሰዓት፣ ከተማው ሁሉ በሙቀቱ በር ዘግቶ ሲተኛ፣ ሙሴ ያኒን ቀስቅሼ ትንሹን መነጽር አስቀየርኩ። ተነጫነጨ፣ ግን አሰረልኝ። ይኼኛው ዝቅ ብሎ ነው የሚታሰረው። ጉንጭ ሰደፉ ላይ ልክ ይገጥማል፣ አንገቴም ብዙ አልተቆጣም። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት እስክገባ ለራሴ አዜምኩ።

ደስታዬ እስኪመሽ ነበር። ሲመሽ በእሱ ውስጥ ማየት ጥላሸት በጠጣ የፋኖስ ጠርሙስ ውስጥ እንደ ማየት ሆነ። ሌላም ጣጣ አለው፤ ዓይን በጣም ካልተጠጋው አያሳይም። ለሙከራ አንድ ቋጥኝ ላይ ስተኩስ ጠመንጃው ሲረግጠኝ የመነጽሩ ጠርዝ ቅንድቤን ገመሰው። ብርሃኑን ብይዝ አንገቴን አጣለሁ፣ አንገቴን ብይዝ ብርሃኑን። ሁለቱን አንድ ላይ የሚሰጥ ፋብሪካ በዓለም ላይ የለም ማለት ነው?

ደሙን አጥቤ መጋላ፣ አብዲ ሱቅ ሄድኩ። አብዲ ሶማሌ ነው፤ ጨርቅ ይሸጣል፣ ከጨርቁ ሥር ደግሞ ከጅቡቲ የማያስመጣው የለም። ሱቁ በር ላይ አንድ ፖሊስ ሻይ እየጠጣ ተቀምጧል። ጠመንጃ የሚል ቃል እንዳላነሳ ተጠንቅቄ ተናገርኩ።

"አብዲ፣ ሲመሽ ዓይኔ አልይዝ አለኝ። ከጅቡቲ ጥሩ መነጽር አስመጣልኝ። ለማታ የሚሆን፣ ራሴን ሳላዘነብል የማይበት።"

አብዲ ቅንድቤን አየ። "አቦ ሙላቱ፣ ምን ሆነህ ነው?"

"ከበር ጋር ተጋጭቼ።"

"ወላሂ፣ አንተስ መነጽር ያስፈልግሃል" አለኝ። የምን መነጽር እንደሆነ ገብቶታል ብዬ ዓይኔን ጠቀስኩት። እሱም ጠቀሰኝ። "የአጎቴ ልጅ በሰኞው ባቡር ይልከዋል" ብሎ እጄን መታ። ለጅብ መድኃኒቱ ከጅቡቲ ይምጣ እንግዲህ ብዬ መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

ድሬ አንቱታ የለም። አብዲ ልጄ ይሆናል፣ አንተ ይለኛል፤ መጀመሪያ ስመጣ ደሜ ይፈላ ነበር፣ አሁን እርስዎ ያለኝ ሰው ገንዘብ ሊበደር የመጣ ይመስለኛል። ዘነበችም ከመንዝ ስትመጣ እርስዎ ነበር የምትለኝ፤ ድሬ በአንድ ክረምት አስረሳቻት። ዛሬ ዛሬ እርስዎ የምትለኝ በጣም ስትፈራ ብቻ ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት ፲፪

ዛሬ ደግ ቀን ነው። ሚካኤል ነው መሰለኝ የረዳኝ።

ትልቁን መነጽር እንደገና አሳሰርኩ። ሙሴ ያኒ አሁን ሲያየኝ ሰላምታም አይሰጠኝም፣ መፍቻውን ብቻ ያነሳል። ቤት ገብቼ ባዶውን ጠመንጃ ይዤ ራሴን አንስቼ ዝቅ አድርጌ ስለማመድ ዘነበች ከአልጋዋ ላይ ሆና ታየኛለች።

"ምነው እንደ ዶሮ ውሃ የምትጠጣው?" አለችኝ።

ነገርኳት። መነጽሩ ከፍ ያለ መሆኑን፣ ጉንጬ ማረፊያ ማጣቱን። ሰምታኝ ስታበቃ፣ "ታዲያ አንገትህን ዝቅ በል ስትለው እንቢ ካለ፣ እንጨቱን ከፍ ማድረግ ነው እንጂ" አለች።

ሙሴ ያኒ ይህን ሁሉ ሲያስረዳኝ ይህን አላስረዳኝም። አቡጀዲ ቀደደች፣ ጥጥ ጠቀጠቀች፣ በሰደፉ ልክ ትንሽ መከዳ ሰፋችና በክር ጠፍራ አሰረችው። በየመሃሉ መርፌውን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ ትንፋሿን ትሰበስብ ነበር። እኔ "ተይው፣ ነገ ትጨርሽዋለሽ" አልኳት፤ ግን ጠመንጃውን ይዤላት ነበር፣ እንድትተወውም አልፈለግሁም።

ሲመሽ ወጣሁ። ጉንጬ መከዳው ላይ አረፈ። አንገቴ ዝም አለ። ዓይኔ በቀጥታ መስታወቱ መሃል ገባ። በቋጥኙ ላይ ጣሳ አስቀምጬ ነበር፤ አይታይም በሚባልበት ሰዓት ተኮስኩት፣ ጣሳው ዘለለ። ሰፈሩ ጅቡ የሞተ መስሎት ወጣ። ጣሳ መሆኑን ስነግራቸው ተመለሱ። ይሁን፣ ዛሬ ማንም አያናድደኝም።

"ጥጡን ከየት አመጣሽው?" አልኳት ስገባ።

"ነበረ" አለች።

ቅዳሜ፣ ግንቦት ፲፫

ጅቡ አልመጣም። ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ግንብ ተደግፌ ጠብቄ ጠብቄ ገባሁ።

ዘነበች ሌሊቱን አልተኛችም። ጋደም ስትል እንደሚሰምጥ ሰው ብድግ ትላለች። "ሙቀቱ ነው" ትላለች። ሙቀቱ ትናንትም ነበር፣ ባለፈው ሳምንትም ነበር፤ እንዲህ ግን አልሆነችም። እግሮቿ አብጠዋል። ጫማዋ አልገባ ብሏት በባዶ እግሯ ነው የምትሄደው።

ፋጡማ ሾርባ ይዛላት መጣች። ስትወጣ ጠመንጃዬን አይታ ቆመች። የባሏን ጉንጭ ለበላ ጅብ እንኳ አዝናለታለች።

"ዋራባ እኮ ድሮ ሰው አይነካም ነበር፣ አቦ" አለችኝ፤ ዋራባ የምትለው ጅብን ነው። "ሌሊት እየዞረ ጂኑን ይበላልናል ይሉ ነበር እነ እማዬ። ይኼኛው ታሟል፣ ስታየው አያነክስም? የታመመ ነገር ነው ሰው የሚነክሰው።"

"ታዲያ አልግደለው?"

"ግደለው እንጂ። እኔ ያልኩህ ታሟል ነው።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ዘኑም ታማለች" አለችኝ። የማላውቅ ይመስል። ይህ ሁሉ ልፋት ለማን ሆነና ነው? ተናደድኩባት።

እሁድ፣ ግንቦት ፲፬

ይህን ሳልጽፈው ብተኛ በወደድኩ።

ጅቡ መጣ። ገና ትንሽ ብርሃን ነበር። ከወንዙ ማዶ ወርዶ አሸዋው መሃል ቆመ፣ ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ። ጉንጬን መከዳው ላይ አስተኛሁ። ጎርዳማ ጆሮው፣ የአፉ ዙሪያ፣ ሁሉም ታየኝ። ፊት ለፊት ስለቆመ ጎኑን እስኪሰጠኝ ጠበቅሁ። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ እኔ አልቸኩልም ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።

ከቤት ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ። ከዚያ የዘነበች ድምፅ መጣ። ስሜን አይደለም የጠራችው፤ ቃል አልነበረውም።

አልተነሳሁም። እውነቱን ልጻፍ፣ አልተነሳሁም። አንድ ጊዜ ብቻ ጎኑን ይስጠኝ፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ደጅ ትተኛለች፣ ለእሷው ነው፣ አልኩ። ዓይኔን ከመስታወቱ አልነቀልኩም። ጅቡ ድምፁን ሰምቶ ኖሮ ጆሮውን አቆመ፣ ዞረ፣ ጎኑን ሳይሆን ጀርባውን ሰጠኝና ሄደ። አልተኮስኩም።

ስገባ ከአልጋው ወርዳ መሬት ላይ ነበረች። ፋጡማ ቀድማኝ ገብታ ከኋላዋ ተቀምጣ ደረቷ ላይ ደግፋታለች። ዘነበች አፏን ከፍታ አየሩን ትጎርሳለች። ፋጡማ ቀና ብላ ጠመንጃዬን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። የምታውቀውን ስድብ ሁሉ በኦሮምኛም በአደርኛም ብትሰድበኝ ይህን ያህል አያመኝም ነበር።

እየቆየ ተሻላት። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት እጄን ገፋችው፣ ነገ አለች። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሰኞ፣ ግንቦት ፲፭

ወደ ሥራ አልሄድኩም። ጧት ፋጡማ የኡመርን ፈረስ ጋሪው ላይ ልትጠምድልን ስትሄድ አብዲ መጣ። ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። አነስ ያለ ነገር ነው። ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል የዓይን መነጽር ነው።

"ለማታ የሚሆን፣ ራስህን ሳታዘነብል የምታይበት" አለኝ እየሳቀ። "የፈረንሳይ ሥራ። ለሽማግሌ ዓይን ይኼን ነው የሚወስዱት አሉ።"

ለጠመንጃ ነው ያልኩህ ብዬ ልጮህበት አፌን ከፈትኩ፣ ከዚያ ጠመንጃ የሚል ቃል ከአፌ እንዳልወጣ ትዝ አለኝ። የጠቀስኩትስ ዓይን? በሽማግሌነቴ ያፈርኩ መስሎት ኖሯል አዝኖልኝ መልሶ የጠቀሰኝ። የሁለት ነገር ስም አንድ ያደረገውን ሰው ረገምኩ። እንዲሄድልኝ ብዬ አድርጌ አሳየሁት። "አማረብህ፣ ዋጋውን ሌላ ቀን" ብሎ ወጣ።

ላወልቀው ስል ዘነበች "አየሩ" አለች። ልደግፋት ጎንበስ አልኩ። ፊቷ ፊቴ አጠገብ ነበር።

ስንት ጊዜ ነው ያላየኋት? ከንፈሯ አመድ መስሏል። የጥፍሮቿ ሥር ጠቁሯል። አንገቷ ጎን ያለው ሥር አብጦ ይዘላል። ጉንጮቿ የት እንደሄዱ አላውቅም። እኔ በወንዙ ማዶ የፍየል በጠጥ ስቆጥር፣ እዚህ ከክንዴ በቅርብ እንዲህ ሆናለች። ባለፉት ቀናት ሁሉ የማየው ፊት የድሮ ፊቷን ኖሯል።

ከዚያ ራስጌዋን አየሁ። ትራሷ ልብስ መስሎ አልጋው ላይ ተለጥፏል። ባዶ አቡጀዲ ነው። ያልነካችው አንድ ጫፍ ላይ ብቻ ትንሽ ጥጥ ቀርቷል።

"ሐኪሙ ያን ጊዜ ምን ነበር ያለሽ?" አልኳት። ከፋሲካ በፊት ብቻዋን ሄዳ ነበር፤ ስትመለስ ብርድ ነው አለኝ ብላኝ ነበር።

"ልብሽ ደክሟል ነው ያለኝ" አለች። ቃላቱን አንድ በአንድ እያወጣች። "በራስጌሽ ከፍ ብለሽ ተኚ። ነፋስ አግኚ።"

"ታዲያ ትራስሽን ለምን?"

የትራሷን ባዶ ጨርቅ በእጇ ዳሰሰች። ከዚያ "እርስዎም እኮ አንገትዎን ያምዎታል" አለችኝ።

እርስዎ አለችኝ። ወጥቼ የጠመንጃውን መከዳ በጩቤ ቀደድኩት። ክሩ ጠንካራ ነበር፣ እጇ ደክሞም ቢሆን አጥብቃ ነው የሰፋችው። ጥጡን ወደ ትራሷ መለስኩት። ሳምንት ሙሉ ራሴ የሚመቸው ቦታ ፈልጌ ሙሴ ያኒን አሰቃየሁ፣ አብዲን ጅቡቲ ድረስ አስላክሁ፤ ከፍ ማለት የነበረበት የእሷ ራስ ነው። ይህን ለማን እናገራለሁ?

በጋሪ ወሰድናት፣ ፋጡማ ራሷ እየነዳች። ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠ፣ መርፌ ወጋት፣ ኪኒን ሰጣት። ያን ጊዜ ያላትን ደገመልኝ። ትድናለች ወይ ስለው "ክረምቱን እንይ" አለኝ። 

ስንመለስ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። አልጋዋን ደጅ አወጣሁት። ጎረቤት ሁሉ በየበሩ ቆሞ አየኝ፣ ያበድኩ መስሏቸው። ፋጡማ ገብታ የኡመርን ትራስ ይዛ መጣች። "እሱ ሆስፒታል ነው፣ ትራሱ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል" አለች። በሁለቱ ትራስ ከፍ አድርገን አስተኛናት። መነጽሩን ከጠመንጃው ላይ ፈታሁት፤ ከፍ ብሎ የቆመ ነገር ነው፣ ያለ መከዳው አንገት ከመቁረጥ በቀር አይረባኝም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት ፲፮

የምጽፈው ደጅ ሆኜ ነው፣ የአብዲን መነጽር አድርጌ። ለዚህስ ጥሩ ነው።

ማታ የአልጋውን እግር ተደግፌ፣ ጠመንጃውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ነፋሱ በወንዙ መጣ። መጀመሪያ ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር። እየቆየ ረዘመ። እኔ ከኋላዬ እሱን እየሰማሁ ፊት ለፊት ጨለማውን አያለሁ፣ የሚታየኝ ነገር ግን አልነበረም።

ጎህ ሲቀድ ጅቡ መጣ። ካለፈው ሁሉ የቀረበ ነው፣ ግራሩን አልፎ። ጠመንጃውን አነሳሁ፣ ጉንጬን እንጨቱ ላይ ጣልኩ፣ አንገቴ እንደልማዱ ወጋኝ። የጠመንጃው ጫፍና ጅቡ አንድ ጥቁር ሆኑ፣ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን። ቅርብ ስለነበረ ግን እመታው ይሆናል። ጣቴ ምላጩ ላይ ነበር።

ከኋላዬ ዘነበች ረጅም ትንፋሽ ሳበች፣ በእንቅልፏ። ብተኩስ በርግጋ ትነቃለች። ያ የደከመ ልብ ምን ይሆናል? ጠመንጃውን አወረድኩ። ተነስቼ ቆምኩ፣ በእኔና በእሱ መካከል ሌላ ነገር አልነበረም፣ ከኋላዬ እሷ አለች። ጅቡ አየኝ። እኔም ያለ መስታወት አየሁት። ከስቷል፣ የኋላ እግሩ ደርቋል። እያነከሰ ወደ አሸዋው ወረደ። ዛሬ ማታ ይመለሳል፣ ከነገ ወዲያም ይመለሳል።

ፋጡማ በሯን ገርበብ አድርጋ ስታይ ኖሯል።

"አልተኮስክም?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ተኝታለች" አልኳት።

ዘነበችን አየቻት።  ገብታ የራሷን አልጋ እየጎተተች ይዛ ወጣችና ከእኛ አጠገብ ዘረጋችው፣ ዘነዘናውን ከራስጌዋ አቆመች፣ ሻሿን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ተኛች።

አሁን ፀሐይዋ ከመጋላ በኩል እየወጣች ነው። ዘነበች አልነቃችም። እዚሁ ብተዋት ሙቀቱ ይደርስባታል፣ ብቀሰቅሳት ይህን እንቅልፍ ዳግመኛ ማግኘቷን እንጃ። አልጋውን ከነተኛችበት፣ ራሷ ዝቅ ሳይል፣ ወደ ጥላው ለማዞር ሁለት ሰው ይፈልጋል። ፋጡማ እስክትነቃ እየጠበቅሁ ነው።